በኤሪጋል ሁለት ራሶች መካከል

ኤሪጋልን ከመንደራችን ሆናችሁ ስታዩት አንድ ራስ ያለው ተራራ ይመስላል። ውሸቱን ነው። ወጥታችሁ ስታዩት ሁለት ራስ አለው፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደብቆ። ሁለቱን የምታገናኘው ጠርዝ ከበግ ጀርባ እምብዛም አትሰፋም፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል፣ ከላይ ነፋስ። ስሟ የአንድ ሰው መንገድ ነው። ጎን ለጎን ሆኖ የሚያልፍባት ስለሌለ ነው እንዲያ የተባለችው። እኔ ግን ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ያ አንድ ሰው አጎቴ ማኑስ ይመስለኝ ነበር። መንገዷ የእሱ ናት፣ ሌላው የሚያልፈው በእሱ ፈቃድ ነው ብዬ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከሩቅ ከተማ ከኮርክ የመጡ ባልና ሚስት ሳያስፈቅዱ ሲያልፉ አይቼ ጮኬባቸዋለሁ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆኛል።

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር በአሥራ አምስት ዓመቴ በሰላም ተለያይተናል፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልፈለግሁት። ስለዚህ ነገሩን በወጉ ባላስኬደው አትፍረዱብኝ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ያየሁት ምን እንደሆነ አለማወቄ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማኑስ የእናቴ የኑላ ታላቅ ወንድም ነው። ያኔ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ተራራውና እኔ ነበርን ያለነው። ሥራው እንግዶችን ወደ ላይ አውጥቶ ማውረድ ነበር። በእኛ መንደር ደግሞ ግማሹ ሰው ጋላገር፣ ግማሹ ስዊኒ ስለሆነ የቤተሰብ ስም ማንንም ከማንም አይለይም። ሁሉም ቅጽል አለው፤ አንዴ ከተለጠፈ፣ የሚበልጥ ወሬ ካልተካው፣ እስከ መቃብር ነው። አንካሳው ሂዩ እግሩ ከዳነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። አጎቴ የተራራው ማኑስ ይባል ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ስም መንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል፣ ሲጠሩት ደረቱ ሰፋ ይላል።

በፋሲካ ሰሞን ሦስት ጀርመኖችን ይዞ ወጣና በወጣበት ሳይሆን በተራራው ጀርባ ወረደ። በጀርባው ሐይቅ እንጂ መንገድ የለም። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ በበግ መኪና ተጭነው ገቡ። መንደሩ ምክንያቱን ወዲያው አገኘ፤ ማኑስ አሳሳቿን ሣር ረግጧል ተባለ። ተራራው ላይ እፍኝ የማትሞላ ሣር አለች፤ ከሌላው ሣር አትለይም። እሷን የረገጠ ሰው በገዛ ጓሮው ይጠፋል። መድኃኒቱ ኮትን ገልብጦ መልበስ ነው፤ ሣሯ ሌላ ሰው መጣ ብላ ትለቀዋለች።

በማግሥቱ ማለዳ አጎቴ ኮቱን ገልብጦ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ኪሶቹ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥለው ወደ ሱቅ ሄደ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት። የአባቶቹን ነገር ያልረሳ ሰው ተባለ። እኔም ሹራቤን ገልብጬ ከኋላው ኮራ ብዬ ተከተልኩት።

ኮቱን የገለበጠው ስላላየው ነው። ዓይኑ ከዳር ወደ መሃል እየተዘጋ ነበር፤ ከግራና ከቀኝ መጋረጃ እንደሚሳብበት መስኮት። የቀረችው መሃል ላይ ያለች ቀዳዳ ናት። በእሷ አሻግሮ ባሕሩ ላይ ያለ መርከብ ያያል፤ እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ግን አያይም። ከመንደሩ ሰው ይህን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። እኔ ቤታቸው ውስጥ እየኖርኩ፣ ከገበታቸው እየበላሁ፣ ምንም።

ጭራሽ ምንም አልሰማሁም ግን አልልም። ከሌተርኬኒ ከተማ ሐኪም ቤት የተመለሱ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰምቻቸዋለሁ። እናቴ ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቀችው።

«ግራው አልቋል» አለ አጎቴ። «ቀኙም ቢበዛ እስከ ገና ነው።»

ከዚያ በላይ አልቆየሁም። ጫማዬን አጥልቄ ኤሪጋልን ላየው ወጣሁ። እውነት ነበር፤ በግራ በኩል የሚወጣው የእግር መንገድ በሰው ጫማ ብዛት ተበልቶ ቦይ ሆኗል፤ የቀኙ ደህና ነው። የተራራ ሐኪም መኖሩን፣ እሱም ሌተርኬኒ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ሰኞ ለአስተማሪዬ ነገርኳት። ግሩም ነው አለችኝ። ትምህርት ቤት ላይ ያለኝ ጥርጣሬ የጀመረው ከዚያ ይመስለኛል።

እኔ ተራራውን ስመለከት እነሱ ወጥ ቤት ውስጥ የተነጋገሩትን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለሰው ንገር ብላው ነበር። እሱ ደግሞ በነገርኩበት ዕለት ዕውሩ ማኑስ እባላለሁ አላት። ዓይኔ ቢሄድ ይሂድ፤ ስሙን ግን አልሸከምም፤ ዕውሩ ማኑስ መጣ፣ ዕውሩ ማኑስን አሻግሩት፣ ምስኪን፣ ወንበር ስጡት ሲባል መስማት አልችልም አለ። እናቴ ለምናዋለች፣ አልቅሳለች፣ ሰድባዋለች። አልሰማትም።

እንግዶቹን የምትልክለት ግራንያ ነበረች። ሐይቁ ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያ የእሷ ነው። ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ቁመቷ ረጅም፣ ምላሷ በግ የሚሸልት ሴት ናት። ከጀርመኖቹ በኋላ ቤታችን መጥታ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትባል አልገባም አለች። ሌላ እንግዳ ከጠፋበት ከእንግዲህ ሰው እንደማትልክለት ነገረችው። እየተናገረች ፊቱን አንድ በአንድ ትመረምር ነበር፤ በተለይ ዓይኑን። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ ይህች ሴት አጎቴን ምን ያህል ብትጠላው ነው አልኩ። አንድ ሴት አንድን ወንድ እንዲያ አተኩራ የምታየው ስትጠላው ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ከአጎቴ ጋር መውጣት ጀመርኩ። እናቴ ልጅቷ ጉልበቷን ታጠንክር አለች። አጎቴም ፈተና አወጣልኝ፤ እየሄድን ድንገት በግራ ምን አለ ይላል፣ ከእግሬ ሥር ምን አለ ይላል፤ እኔ እመልሳለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። የሚነቃነቅ ድንጋይ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ፣ የሞተ በግ፣ አንድ ጓንት። አንዳንዴ በግ አለ ስለው ምን ዓይነት በግ ይለኛል፤ ሰነፍ በግ እላለሁ፤ እንግዶቹ ይስቃሉ። የሚወዱት ጨዋታ ሆነ። ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ እኔም ጭምር።

በበጋው አጋማሽ ግራንያ ራሷ እወጣለሁ አለች።

ይህ መንደሩን ያስገረመ ነገር ነው። ግራንያ ኤሪጋል ሥር ተወልዳ፣ ኤሪጋል ሥር አግብታ፣ አንድ ቀን ወጥታው አታውቅም። እንግዶቿ ለምን ሲሏት ከመስኮቴ ይታየኛል፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የምወጣው ትላለች። አሁን ግን እንግዶቼን ለማን እንደምሰጥ በዓይኔ ልይ አለች። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት የጫማዬን ክር እያሰረች ከአጎቴ አጠገብ እንዳልጠፋ፣ የጠየቀኝን ሁሉ እንድመልስ፣ ለምን ብዬ እንዳልጠይቅ ነገረችኝ። ክሩን ስታጠብቀው እግሬን አመመኝ።

ከመንገዱ ዳር ተነሳን። መጀመሪያ ያለው ጥቁሩ ረግረግ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለሉ ካላለፉት ጫማ ይውጣል። ግራንያ የባሏን ቦት ጫማ አድርጋ ስለነበር እየዋጠ ይተፋት ነበር። ረግረጉ ሲያልቅ ጠጠሩ ይጀምራል፤ ነጭና ግራጫ፣ ስለታም፣ አንድ ሲወጡ ግማሹን የሚያንሸራትት። በዚያ ላይ ሰው አያወራም፤ ይተነፍሳል። ግራንያ ግን ታወራለች። ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን አመጣው፣ ይህን የሚወድ ሰው ጤነኛ ነው ወይ፣ የኮርክ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ምን ቢያደርጓቸው ነው እዚህ የሚመጡት ትላለች። አጎቴ እየሳቀ ወደ ላይ ይሄዳል። በየመሃሉ ይጠይቀኛል፤ እመልሳለሁ።

የተራራው ትከሻ ላይ ስንደርስ፣ ድንጋይ ተቆልሎ ከነፋስ መከለያ በተሠራበት፣ ግራንያ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች ይህ ግራ ቀኝ የምትባባሉት ነገር ምንድን ነው አለችኝ።

«ፈተና ነው» አልኳት። «እስካሁን አንዴም አልወደቅሁም።»

ሻይዋን ያዘች፤ አልጠጣችም። አጎቴ ወዲያ ዞሮ ዳቦውን ይቆርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮርክ ሰዎች አላወራችም፤ ከኋላው ሆና እግሩን እያየች ነው የወጣችው። እኔ ደከማት ብዬ ቀስ እንድንል ለአጎቴ ነገርኩት።

መጀመሪያው ራስ ላይ ወጣን። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። በሰሜን ቶሪ ደሴት ባሕሩ ላይ፣ በምሥራቅ የሙኪሽ ተራራ አናቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ፣ ከታች ሐይቁና ጣሪያ የሌላት ነጭ ቤተ ክርስቲያን። አጎቴ እያንዳንዱን በጣቱ አሳያት፤ አንዱንም አልሳተም። ሩቁን ያያል ብያችኋለሁ። ግራንያ ቁጭ አለችና በቃኝ፣ ወጣሁት አለች። አጎቴ ግን በእኛ አገር ሁለቱንም ራስ ያልረገጠ ወጣሁ አይልም አላት። ባይላት ይሻል ነበር። ግራንያ እንዲህ ተብላ እንቢ የምትል ሴት አይደለችም።

አጎቴ ቀድሞ ተሻገረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሄደባት ጠርዝ ናት፤ እግሩ ያውቃታል። ግራንያ ተከተለች። እኔን ባለሁበት እንድቆይ አዘውኝ ነበር። መሃል ላይ ስትደርስ ወደ ታች አየች። በአንድ በኩል ሐይቁ ያለው ገደል፣ በሌላው በኩል ጠጠሩ እንደ ወንዝ የሚወርድበት ገደል። በእጇና በጉልበቷ ሆነች፤ እዚያው ቀረች። ያቺ ረጅም ሴት እንደ ድመት ግልገል ድንጋዩ ላይ ተጣብቃ።

«ማኑስ» አለች፤ ድምፅዋ የሰው አይመስልም ነበር። «እግሬ እንቢ አለኝ።»

አጎቴ ተመልሶ መጣ። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ። እኔ ከመጀመሪያው ራስ ሆኜ በግራህ የሚነቃነቅ ድንጋይ አለ እያልኩ በነፋሱ ላይ እጮሃለሁ፤ ሳይጠይቀኝ የመለስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከአውራጃችን ከዶኒጎል ወንዶች ሁሉ ጀግናው እሱ መሆኑን እዚያ ቆሜ ወሰንኩ። ገደሉ ለእሱ እንዳልነበረ ማን ይንገረኝ።

አጠገቧ ተንበረከከ። ከዚያ ያደረገውን ዛሬም ይታየኛል፤ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፣ ከግራም ከቀኝም፣ እንደ ጋሪ ፈረስ ዓይን መጋረጃ። ግንባር ለግንባር ሆኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ነፋሱ ግን አንድ ቃል አላመጣልኝም። ያሉትን የነገረችኝ ራሷ ግራንያ ናት፤ ሊጥ እያቦካን፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ።

«ገደሉን ተዪው» አላት። «እኔ የማየውን ብቻ እዪ።»

«አንተ ምን ታያለህ?»

«እቺን ድንጋይ። ከዚያ የባልሽን ጫማ። ሌላ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምናው ገና።»

«እንዲህ ሆነህ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?»

«ታዲያ አልደረስሽም?»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስትስቅ ነበር። እኔ በፍቅር እያለቀሰች ነው አልኩ፤ የቅዳሜ ማታው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ እንዲያ ነው የሚያለቅሱት። ከዚያ ተነሱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እጆቹ ጉንጮቿ ላይ። እሷ የእሱን እግር በቃል እየመራች፣ እሱ የእሷን ዓይን በእጁ እየጋረደ፣ ወደ እኔ መጡ። የአንድ ሰው መንገድ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሻገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስንወርድ፣ ይህ የመጨረሻህ ነው አለችው፤ አዎ አላት። ለሰውስ ምን ልበል አላት። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ያኔ እኔ እየዘለልኩ ከፊት ነበርኩ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ወሬ ለአንድ ልጅ ይበዛ ነበር። መንገዱን እንደያዝን ትቻቸው ሮጥኩ። ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ብራይዲ ነበረች፣ አንካሳው ሂዩ ነበረ፣ ሌሎችም።

«አጎቴ ማኑስ ግራንያን ተራራው ላይ ሳማት» አልኩ። «ለረጅም ጊዜ።»

ብራይዲ ቸኮሌት በነፃ ሰጠችኝ። ማታውኑ ወሬው ሐይቁን ተሻግሯል።

እናቴ በጥፊ ልትለኝ እጇን አንስታ መሃል ላይ ተወችው። አጎቴ ግን ተቆጥቶ እንኳ አላየኝም፤ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቅ እሄዳለሁ አለ። የሴትዮዋን ስም በእኔ ምክንያት ሰው አፍ ውስጥ አላስገባም፤ ዕውር ነኝ፣ ፊቷን የያዝኩት ለዚህ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ አለ። እናቴ ዕውሩ የሚለው ስምስ አለችው። ይስጡኝ አላት። ልቡ ቆርጦ ኮቱን ራሱ ቆለፈ። እጁን ይዤ ሄድኩ፤ ሊመሰገን የሚሄድ መስሎኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቁ ጢም ይላል፤ ጋዜጣ የሚገዛውም፣ ጋዜጣ የሚገዛውን ሊያይ የመጣውም። ግራንያ ጠረጴዛው ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ቅቤ ታስመዝን ነበር። ስንገባ ሂዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ማኑስ፣ ጀርመኖቹን መንገድ ያሳትካቸው ይህቺን ስታስብ ነው ለካ አለው፤ ሰው ሳቀ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስሙኝ» አለ። «ልጅቷ ያየችው ነገር እንዳየችው አይደለም። እኔ...»

«ልጅቷ ያየችውን አይታለች» አለች ግራንያ፤ ዞር እንኳ አላለችም። «ታዲያ ምን ይጠበስ?»

ከዚያ ቅቤዋን አነሳች፣ መጣች፣ ከእኔ እጅ አጎቴን ወስዳ ክንዱን በክንዷ አቆላልፋ ይዛው ወጣች። በሁለት ሰዎች መካከል፣ በበሩ ደፍ ላይ፣ በደረጃው ላይ፣ አንድም ነገር ሳይነካ። የሚመራው ሰው እንጂ የሚያሽኮረምም ሰው አይመስልም ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ፤ ያን ቀን ግን እንዲያ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ለምን ተራራ መውጣት እንደተወ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም መልሱን አስቀድሞ ይዟል።

ከገና በፊት ተጋቡ። እኔ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጊዜ፣ ተራራው ላይና ሱቁ ውስጥ፣ ያረጋገጥኩትን እውነት፣ እነሱ እስኪደርሱበት ያን ያህል ፈጀባቸው።

ዓይኑ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ መንደሩ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሂዩ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ዕውሩ ማኑስ ብሎ ሞክሮት ነበር አሉ። ማን ነው እሱ ብለው ጠየቁት። በየቤቱ፣ በሱቁ፣ በቄሱ አፍ እንኳ ሰውዬው የግራንያ ማኑስ ነበር። የቅጽሉ ቦታ ተይዟል።